ሁለት ነጥብ

ጋሼ እንግዳወርቅ የዘር ሐረጋችንን ሲቆጥር ለዘመድ፣
ስድስቱን አባቶች በሩጫ ያልፋቸዋል፣ እንደለመደው መንገድ፤
ደርሶ፣ ጓንጉል፣ ምትኩ፣ ወልደ ሐና፣ ብሩ፣ አደራ...
ሰባተኛው ላይ ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ስሙን በኩራት ሊጠራ፦
«ቶማስ እንግሊዙ! ነፍጥ አዳሽ የነበረ፣
ከባሕር ማዶ መጥቶ ቀሃ ዳር የሰፈረ፣
መሳፍንት ሲታኮሱ
የዚህንም የዚያንም ቃታ ባንድ ሞረድ ያሳመረ!»

ማስረጃ ከተባለ፣ ሞረዱ ዝጎ ከሣጥን ሥር አለ፤
የአክስቴ የስመኝ ዓይን ጠጅ ጠጅ ይላል፣ እሱም ማስረጃ ተባለ፤
እኔም አፍንጫዬ በበጋ ፀሐይ ስለሚላጥ፣
እንግዳ በመጣ ቁጥር መሃል እቆም ነበር፣ ልክ እንደ ሳሎን ጌጥ።

እኔ ቀያሽ ነኝ። የጎንደር መሬት ያልፋል በሜትሬ፣
ሰነድ በሌለው ድንበር ላይ ፈርሜ አላውቅም እስከ ዛሬ።
«ስም ካለ ጽሑፍ አለ» አልኩና፣ አንድ የግንቦት ሐሙስ፣
ፈቃድ ወስጄ፣ ከፒያሳ ቁልቁል፣ ወረድኩ ፍለጋ ቶማስ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ሦስት ኪስ ፈትሸው ቁልፉን አገኙ።
«ምን ፈለግህ ልጄ?»
«ሐረግ» አልኳቸው።
ብራናውን ከማኅደሩ አወጡ፤ የፊተኛውን ቅጠል ገለጡ፤
ቀይ በቢጫ ላይ ሲጠመጠም፣ ሰማያዊ መሃል ሲገባ፣
እንደ ክረምት ቅል፣ አጥሩን ሁሉ ሲያለብሰው በአበባ፤
«ይኸው ሐረግ» አሉኝ፣ «እጅህን ሳታሳርፍ እይ።»
«የሰው ሐረግ ነው» አልኩ።
«አአይ፤
የሰው ሐረግማ ከጌጡ አይገኝም፣ ኅዳጉ ላይ ነው የቀረው፣
ጸሐፊ ቦታ ሲያጣ፣ በጠባቧ ነጭ ላይ፣ አሳንሶ የጫረው።»

ስልኬን አበራሁ። ደቃቅ ፊደል፣ የጠቆረ፦
«ለቶማስ እንግሊዛዊ፣ ነፍጥ ለሚያበጀው፣ ከወይራው እስከ ምንጩ ተሰጠ» ይላል። ልቤ ሰከረ።
ጋሼ ልክ ነበር! ሰውየው አለ፤ በቀለም ታስሮ ኖረ።
ከሥሩ ግን አንድ መስመር፣ ከጣራ የወረደ ጠብታ ያበላሸው፦
«በዚያ የነበረ ሸማኔ እምቢአለ ወጣ።»

«ስም ነው» አሉ መሪጌታ፤ «እምቢአለ የሚባል የቆሎ ትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረኝ።»
«ግስ ነው» አልኩ፤ «ሰውየው እምቢ ብሏል።»
ጠብታው ያረፈው በቃሉ ወገብ ላይ ነው፣ ሁለት ነጥብ በምትቆምበት፤
ነበረች እንዳልል ደብዝዟል፣ አልነበረችም እንዳልል ጥላ አለበት።
ካለች፣ ስም የለውም፤ እምቢታ ግን አለው።
ከሌለች፣ ስም አለው፤ ዝም ብሎ ነው የሄደው።
«ወዴት ወጣ?»
«ወጣ ይላል፤ ወዴት አይልም» አሉና
ብራናውን መለሱት፣ ወደ ማኅደሩ፣ ወደ ጨለማው።

ከወይራው እስከ ምንጩ። ቦታውን አውቀዋለሁ፣ ወይራ የለውም ዛሬ፤
ጋራዥ አለ፣ ጎማ የሌለው ቦቴ አለ፣ የተወለድኩበትም ቤት አለ፣
ሦስት መቶ አርባ ካሬ።
እኔው ለክቼዋለሁ፣ አንዲት ጣት አልሳትኩም፤ ካርታው ላይ ፊርማዬ አለ።
«ከማን ላይ ተነሥቶ» የሚል መጠይቅ ግን
ቅጹ ላይ የለም።

ማታ ጋሼ ደወለ። «አገኘኸው?»
«አገኘሁት።»
እልል አለ፣ ሽማግሌው። የቱን ብሎ አልጠየቀኝም።
«ጻፍልኝ እንግዲህ፣ ባማረ ወረቀት፣ ለልጆች እንዲቀር።»

ጻፍኩ። ሰባቱን ከላይ ወደ ታች፣ ቶማስን በቀይ።
ከዚያ ወረቀቱን አግድም አዙሬ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በጣም አሳንሼ፣
«ሸማኔው» ብዬ ጀመርኩ።
ቀጥሎ «እምቢ»፤ ቀጥሎ «አለ»፤
በሁለቱ መሃል
አንዲት ማግ የምታልፍበት ክፍተት ትቼ።